በመያዣ ስለ ተያዙ ቤቶች መዝገብ

ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውንና ጣራውን በዓይኑ አይቶ ይገዛል፤ በቤቱ ላይ ያለው ዕዳ ግን በመዝገብ ካልሆነ በቀር አይታይም።

ይህ ነገር በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ለኮዬ ፈጬ ነዋሪ ቅርብ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው 51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዚያ የተሠሩ ይገኙበታል። 20/80 በተባለው ሥርዓት ባለዕድሉ ከዋጋው 20 በመቶውን ከፍሎ የቀረውን ከባንክ ይበደራል፤ ብድሩ እስኪያልቅም ቤቱ መያዣ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት በእጅ ውል ብቻ የሚገዛ ሰው ዕዳውንም አብሮ መግዛቱን ላያውቅ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3052 የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ የሚጸናው ንብረቱ ባለበት ስፍራ በመዝገብ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ መሆኑን ደነገገ። ስለ መዝገቡ አያያዝ የሚናገሩት ከ1553 እስከ 1646 ያሉት ቁጥሮች ግን በዚያው ሕግ በቁጥር 3363 በነጋሪት ጋዜጣ ቀን እስኪነገር ድረስ እንዲቆዩ ተደረገ። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ 54 ዓመት አልፏል። መሸጡ ግን እንደዚህ አልዘገየም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባለዕዳው በውሉ ቀን ሳይከፍል ቢቀር፥ አስቀድሞ በጽሑፍ ተስማምቶ እንደ ሆነ፥ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጠው።

ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለባለዕዳው ነው። በቤቱ የሚኖረው ተከራይ ወይም በእጅ ውል የገዛው ሰው ነገሩን የሚሰማው የሐራጁ ማስታወቂያ ከነወረዳውና ከነካርታው ቁጥር በጋዜጣ ሲታተም ነው፤ ያውም ጋዜጣ ካነበበ። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች ስለ ወሰን ከተስማሙ ወዲህ ደግሞ፥ በዚያ አካባቢ ያለ ሰው መዝገቡ በየትኛው ጽሕፈት ቤት እንዳለ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

መዝገቡ ለማንም ቢገለጥ የባለዕዳው ምስጢር ይወጣል የሚሉ ሹማምንት አሉ። ነገር ግን በሐራጁ ቀን ስሙ በጋዜጣ የሚወጣው ሰው ያን ጊዜ ምን ምስጢር ይቀርለታል? የዕዳውን ልክ መግለጥ አያስፈልግም፤ የካርታ ቁጥር ይዞ ለመጣ ሁሉ ቤቱ በመያዣ መያዙን፥ ለማን እንደ ተያዘና ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ በዚያው ቀን በጽሑፍ መንገር ይበቃል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ ከነዋጋውና ከነምስክሮቹ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ይጻፍ እንደ ነበር ሊቃውንቱ ያውቃሉ። ዛሬም በሽምግልና ተቀምጠው በቤት ሽያጭ ውል ላይ የሚመሰክሩ ካህናት ከመፈረማቸው በፊት ከመዝገብ ቤት የተሰጠውን ጽሑፍ ቢጠይቁ ብዙ ክርክር ይቀራል። የወረዳው ሹምም የሐራጁን ማስታወቂያ አንድ ቅጂ በሕንፃው በር ላይ ቢያስለጥፍ ወጪው አንድ ወረቀትና ጥቂት ማጣበቂያ ነው።