እንስላል ነው ወይስ ሄምሎክ?

እንስላልን ታውቁታላችሁ? በኦክላንድ መንገድ ዳር፣ በሳን ሆሴም በወንዞች አካባቢ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ከኢትዮጵያ የመጡ አያቶች ሲያዩት ደስ ይላቸዋል፤ ሽታውን ከአገር ቤት ያውቁታል። ቀንጥበው ወደ ቤት መውሰድም ያምራቸዋል።

ነገር ግን እዚሁ አካባቢ ሄምሎክ የሚባል መርዛማ ዘመድ አለው። ሁለቱም ከካሮትና ከድንብላል ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። የሄምሎክ መርዝ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያሽመደምዳል። የግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 የሞተው በዚህ ተክል መርዝ እንደሆነ ይታመናል።

ታዲያ በምን እንለያቸው?

አበባ፦ የሁለቱም አበባ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ነው። የእንስላል ቢጫ፣ የሄምሎክ ግን ነጭ ነው።

ቅጠል፦ የእንስላል ቅጠል እንደ ክር ቀጭን ነው። የሄምሎክ ሰፋ ብሎ እንደ ዳንቴል የተከፋፈለ ነው።

አገዳ፦ የሄምሎክ አገዳ ውስጡ ባዶ ነው፤ ላዩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው። እንስላል ይህ ነጠብጣብ የለውም።

ሽታ፦ እንስላል ጣፋጭ ሽታ አለው። ሄምሎክ መጥፎ ሽታ አለው፤ ለማሽተት ብላችሁ ግን አትጭመቁት።

እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ኮምፒውተር አንድን ነገር እንዲለይ ስናዘው «ይህ ከሆነ እና ያም ከሆነ» እንላለን። «እና» ትንሽ ቃል ናት፤ እዚህ ግን ሕይወት ታድናለች። አንድ ምልክት ብቻ አይበቃም። በየካቲት፣ ከዝናብ በኋላ፣ ሁለቱም ገና አበባ የላቸውም። በለጋ ሄምሎክ ላይ ነጠብጣቡ በደንብ ላይታይ ይችላል። እንስላል የነካ እጅ ደግሞ ሁሉንም ነገር እንስላል እንስላል ያሸተዋል። ስለዚህ ምልክቶቹ ሁሉ ካልተሟሉ ተክሉን መተው ነው።

አያቶቻችን እንስላልን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ሄምሎክን ግን እዚህ አገር ገና ያዩት ይሆናል። እንግዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፦ «እማማ፣ አይንኩት! አገዳው ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው።» «አትንኪው» ሳይሆን «አይንኩት» ማለታችንን ልብ በሉ፤ በችኮላም ቢሆን አክብሮት አይቀርም።

ሰው በስህተት ከበላው ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222 ደውሉ። መተንፈስ ካቃተው 911 ነው።