«እንዲህ አይደለም ልጄ»

ጉደር ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የወይን ጠጁ ነው። ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከተማ ስሟ በጠርሙስ ላይ ሆኖ አገር ዞረ፤ የእናቶቿ ዕውቀት ግን ከጓዳ አልወጣም።

ሲንቄን እንውሰድ። የኦሮሞ ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በመካከል ሲቆሙ ጠበኞች እጃቸውን ይሰበስባሉ። ይህችን በትር በመስተዋት ሣጥን አኑሮ «ዘንግ፤ ከእንጨት የተሠራ» ብሎ የጻፈባት ባለሙያ አልዋሸም፤ ግን ምንም አልነገረንም።

በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አዲስ አበባ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ሙዚየሙ፣ ዕቃዎችን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል ያሳያል። ዕቃ የሚነበበው ከሰው ሕይወት ጋር መሆኑን የተረዳ አደራደር ነው።

ታዲያ በቅርስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ወጣት የተግባር ልምምዱን መዝገብ በመገልበጥ ብቻ ስለምን ይጨርስ? መዝገብማ ያስፈልጋል፤ ያልተመዘገበ ቅርስ ሲሰረቅ መከራከሪያ የለውም። ነገር ግን ከልምምዱ ወራት እኩሌታውን ጉደርን በመሳሰሉ ከተሞች፣ አፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ ከባለቤቶቹ ዘንድ ተቀምጦ ቢያሳልፍ፣ የጻፈውንም መግለጫ ከመለጠፉ በፊት ለእናቲቱ ቢያነብላት እላለሁ። «እንዲህ አይደለም ልጄ» ብትለው፣ ያ እርማት ከመምህሩ ቀይ ብዕር ይበልጥበታል። በትሯን ምስጥ ካልበላት ትቆያለች፤ አራሚዋ ግን አርጅታለች።