ከሶሌታው በግ በኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ ሶሌታ በሚሞላበት ቀን በግ ማረድ የተለመደ ነው። ከንጋት ጀምሮ አርማታ ሲያመላልሱ የዋሉት የቀን ሠራተኞች፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ አናጺውና ካቦው ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ። ያን ቀን ሳይቱን የጎበኘ ሰው ድርጅቱ አንድ ቤተሰብ ነው ቢል አይፈረድበትም። ካሳፎርማው ሲነቀል ግን ከበሉት ብዙዎቹ ሌላ ሳይት በር ላይ ቆመው ሥራ ይጠይቃሉ።

ገበሬው ሁለቱን ነገር ለይቶ ያውቃል። ደቦ የጠራ ያበላል፣ ያጠጣል። ወንፈል የገባ ግን የተቀበለውን የሥራ ቀን በራሱ ጉልበት ይመልሳል። የግንባታ ድርጅቶች ደቦውን ይችሉበታል፤ ወንፈሉን አልለመዱትም።

ይህን ልዩነት ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ በተባለው ሰፈር ሆኖ ማሰብ ተገቢ ነው። ስሙ ለወሎ ሰው ጆሮ «አርሂቡ» የሚለውን የማዕድ ግብዣ ያስታውሳል። ሰፈሩ በአብዛኛው የአፋሮች ነው፤ ታሪኩም ከወደቡ ጫኝና አውራጆች ጋር የተሳሰረ ነው። በአፋር ባህል ደግሞ ቤት የሚተክሉት ሴቶች ናቸው። የጎበጡ እንጨቶችን አስረው በሰሌን ያለብሱታል፤ መንገድ ሲነሱ ነቅለው ግመል ላይ ይጭኑታል። ቤቱ አዲስ መሬት ላይ ሲቆም የሚተክሉት እጆች ያው የነቀሉት እጆች ናቸው። ሥራው ቦታ ይለውጣል፣ ሠራተኛው ግን አይበተንም። የዛሬው ተቋራጭ ከዚህ ቢማር ምንኛ በጠቀመው!

ጉዳዩ የደግነት ብቻ አይደለም፤ የአርማታም ነው። በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ሐሩር ሲሚንቶ ቶሎ ይጠነክራል፣ ውሃው ይተንናል፣ ገጹ ይሰነጠቃል። ሙሌቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ የቆየውና አዲሱ አርማታ በደንብ ሳይያያዙ ይቀራሉ። ስለዚህ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይሞላል፤ ቧንቧ የያዘው፣ ቫይብሬተር የያዘውና ደረጃ የሚያስተካክለው ሳይነጋገሩ መግባባት አለባቸው። ትናንት የተዋወቁ ሰዎች ይህን አይችሉም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለሰባት ቀን ያህል ውሃ ማጠጣት አለ። ፎቶ የማይነሳው፣ ማንም የማያመሰግነው ሥራ ይህ ነው። በጉ ከተበላ በኋላ በፀሐይ ቆሞ ሶሌታውን የሚያርሰው ሰው ነገ እንደሚሰናበት ካወቀ ለሰባተኛው ቀን ለምን ይጨነቃል?

ድርጅት ሰው ሲሰበስብ ምን እንደሚሆን የድሮው ባቡር አሳይቷል። ግንባታው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተነሣ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋ ላይ ኩባንያው የጥገና ጋራዥ አቆመ፤ ከአጠገቡ ከዚራ የተባለው ሰፈር አደገ፤ መካኒክነት፣ ብየዳና አናጺነት እዚያው ከአሮጌው ወደ ወጣቱ ተላለፉ። ባቡሩ ያለማዳላት የኖረ ድርጅት ነበር ማለት አይደለም፣ የውጭ ዜጋውና የአገሬው ሠራተኛ እኩል አልነበሩም። ያም ሆኖ ሠራተኛው የሚገናኝበት ቋሚ ቦታና የሚያወርሰው ሙያ ነበረው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ መስመር በኦክቶበር 2016 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ፍጥነቱ ተደነቀ። ሐዲዱን ካነጠፉት የቀን ሠራተኞች ጋር ስለቀረው ልምድ ግን የተናገረ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ይህ ዓምድ ተቋራጮችን የሚጠይቀው ቀላል ነው። በሁለት ፕሮጀክቶች መካከል ቢያንስ ካቦውንና ዋና ባለሙያዎቹን በደመወዝ ያቆዩ። ሠራተኞች ራሳቸው ላቋቋሙት እድር ድርጅቱም እንደ አንድ አባል ወርሃዊ መዋጮ ይክፈል፤ ሐዘን ሲደርስም ሥራ አስኪያጁ ድንኳን ውስጥ ይቀመጥ። ረዳት ሆኖ የገባ ወጣትም በስንት ጊዜ ፌሮ ሠራተኛ ወይም ግንበኛ እንደሚሆን ገና ሲቀጠር ይነገረው፣ በጽሑፍም ይሰጠው። የበጉ ዋጋ ቀድሞውንም በጀት ውስጥ አለ፤ የሰባቱ ቀን ውሃ አጠጪም ስሙ እዚያው ገጽ ላይ ይግባ።