«የተፈጥሮ ነው» የሚባለው የክብደት መቀነሻ ውስጡ ምን አለ?

«በ10 ቀን 10 ኪሎ ይቀንሱ»፣ «ያለ ስፖርት ቦርጭ የሚያጠፋ»፣ «መቶ በመቶ ከዕፅዋት የተዘጋጀ»፡፡ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደሉም፡፡ ብዙዎች የሚመለከቷቸው «ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅም አይጎዳም» በሚል ስሜት ነው፡፡ ሌላው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ከስቶ ስላየ «በዓይኔ ያየሁት ነው» ብሎ ይገዛል፡፡ ይሁን እንጂ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው የማይሠራው ክኒን ሳይሆን የሚሠራው ነው፡፡

በመጀመሪያ ስሌቱን እንመልከት፡፡ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፡፡ አንድ አዋቂ ሰው በቀን በአማካይ ከ2,000 እስከ 2,500 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል፡፡ ስለዚህ ምንም ሳይቀምስ ቢውል እንኳ በቀን የሚያጣው ስብ የአንድ ኪሎን ሲሶ ቢሆን ነው፡፡ በ10 ቀን 10 ኪሎ ከቀነሰ፣ አብዛኛው የሄደው ውኃና ጡንቻ ነው ማለት ነው፡፡

ታዲያ «ከዕፅዋት ብቻ» የተባለ ክኒን የምግብ ፍላጎትን በጥቂት ቀናት የሚዘጋው በምን ኃይል ነው? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. 28 የክብደት መቀነሻ ምርቶችን መርምሮ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፉ መድኃኒቶች እንዳሉባቸው አስታውቋል፡፡ ከእነዚህም መካከል ሲቡትራሚን፣ የሚያስቀምጠው ፌኖልፍታሊንና ሽንት የሚያበዛው ቡሜታናይድ ይገኙበታል፡፡ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያዎች ከዚያ ወዲህም ተደጋግመው ወጥተዋል፡፡

ሲቡትራሚን በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ ሕጋዊ መድኃኒት ነበር፡፡ የልብ ሕመም ባለባቸውና ለሕመሙ በተጋለጡ ወደ 10 ሺሕ በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 11.4 በመቶ የሚሆኑት ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለመሳሰለው ሲዳረጉ፣ ካልወሰዱት ግን 10 በመቶ ነበሩ፡፡ በዚህም ምክንያት በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ ወጣ፡፡ በግልጽ ሲሸጥ የታገደው መድኃኒት ተደብቆ መሸጡ ግን ቀጠለ፡፡ ልዩነቱ አሁን መጠኑን የሚለካ፣ የደም ግፊትን የሚከታተል ሐኪም አለመኖሩ ነው፡፡

ከዚህ የከፋም አለ፡፡ ዳይኒትሮፌኖል የተባለው ኬሚካል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈንጂ ማምረቻ ያገለግል ነበር፡፡ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ለማክሳት ተሸጠ፤ በእርግጥም ያከሳል፡፡ የሚሠራው ሴሎች ከምግብ የሚያገኙትን ኃይል ወደ ሙቀት እንዲለውጡት በማድረግ ነው፡፡ ሙቀቱ መጠኑን ሲያልፍ ሰውየው ከውስጥ ይቃጠላል፤ ማርከሻ የለውም፡፡ በዓይን ሞራ የታወሩና የሞቱ ሰዎች ከታዩ በኋላ በ1938 እ.ኤ.አ. ታገደ፡፡ ኢንተርኔት መልሶ ቢያመጣው በእንግሊዝ ወጣቶችን ገደለ፤ አገሪቱም በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መርዞች ተርታ መደበችው፡፡

ሰሚግሉታይድን የመሳሰሉት አዳዲስ መርፌዎች በጥናት የተረጋገጡ ቢሆኑም ከዚህ ገበያ አላመለጡም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ መገኘቱን ገልጾ አስጠንቅቋል፡፡ በሐሰተኛው መርፌ ውስጥ ኢንሱሊን ካለ የደም ስኳር በድንገት ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፡፡

የድብቁ ንግድ ትልቁ ጉዳት የሚታየው በድንገተኛ ክፍል ነው፡፡ ልቡ የሚመታበት ሰው «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል «ምንም» ብሎ ይመልሳል፡፡ የዋሸ አይመስለውም፤ የወሰደው «ቅጠል» ነዋ! ሐኪሙም በጨለማ ያክማል፡፡ የደም ግፊት ወይም የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነማ አደጋው ይብሳል፡፡

የጓደኛ መክሳት ክኒኑ አንድ ነገር እንደሚያደርግ ያሳያል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግረንም፡፡ ስለዚህ የይዘት ዝርዝር፣ የአምራች ስምና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ የሌለውን ምርት አለመግዛት ተገቢ ነው፡፡ የጀመረም ካለ ማሸጊያውን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፡፡ ባለሥልጣኑም ቢሆን ፋርማሲዎችን ከመቆጣጠር አልፎ፣ ንግዱ ወደተሸጋገረበት የስልክ ገበያ ዓይኑን ማዞር ይጠበቅበታል፡፡