ከወዳደቀ ብረት የተሠራ ፒካፕ

ወጣቱ መካኒክ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር፤ ካምቢዮና ባሌስትራ ለቃቅሞ በግቢው ፒካፕ ቢገጣጥም የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ፊሊፒናውያን ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር የተወውን ጂፕ አስረዝመው ጂፕኒ የተባለውን የሕዝብ ማመላለሻ የሠሩት በዚሁ ዘዴ ነውና።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። የሻንሲው ብየዳ በቀለም ይሸፈናል። ባዶውን ደኅና የቆመ መኪና 10 ኩንታል ጤፍ ተጭኖበት ቁልቁለት ሲወርድ እንደዚያው ይቆማል ማለት አይደለም፤ ፍሬኑ ይግላል፤ መያዙንም ይቀንሳል። ስለዚህ እናንተ ወጣት ሹማምንት፤ ባለሙያውን «አይቻልም» ብላችሁ ከደጅ ከመመለስ ይልቅ፤ ብየዳውና ፍሬኑ በጭነት የሚፈተንበትን ሥርዓት ብታበጁለት ምን ይጎዳችኋል? የምሕንድስና ተማሪውም (እጁ ግራሶ መንካቱን ካልጠላ) የጭነቱ ክብደት በፊትና በኋላ ጎማ እንዴት እንደሚከፈል ሊያሰላለት ይችላል።