ቼን፣ ቻን፣ ታን፦ አያት ዝም ሲሉ

አዲስ አበባ ውስጥ መልኩ የእስያ የሆነ ሰው በሰፈር ካለፈ ልጆች ‹‹ቻይና! ቻይና!›› ይሉታል። ሰውየው ኮሪያዊ ይሁን ቬትናማዊ ግድ የላቸውም። ልጆቹስ ልጆች ናቸው፤ ትልልቆቹም ከዚህ ብዙ አንርቅም። በዚህ ዘመን ‹‹ቻይንኛ ልማር ነው›› የሚል ጓደኛ ሞልቷል፤ ‹‹የትኛውን ቻይንኛ?›› ብሎ የሚጠይቅ ግን አልገጠመንም። ጋዜጠኝነት ስንማር ከለመድናቸው ነገሮች አንዱ ‹‹የትኛው?›› ብሎ መጠየቅ ነውና እስቲ እንጠይቅ። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ መጨረሻው ግን የልጅ ልጅ ከገዛ አያቱ ጋር ማውራት ለምን ያቅተዋል ወደሚለው ይወስደናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የቤተሰብ ስም እንውሰድ። ሲጻፍ አንድ ፊደል ነው። ቤጂንግ ያደገው ‹‹ቼን›› ብሎ ያነበዋል፤ የሆንግ ኮንጉ ካንቶንኛ ተናጋሪ ‹‹ቻን›› ይለዋል፤ ቅድመ አያቱ ከፉጂያን ተሰደው ሲንጋፖር የገቡት ሆኪን ተናጋሪ ደግሞ ‹‹ታን›› ነኝ ይላል። ሦስቱም በወረቀት ይግባባሉ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን አይሰማሙም። ‹‹ዘዬ›› ስለሚባል የጎንደርና የሸዋ አማርኛ ዓይነት ልዩነት እንዳይመስላችሁ፤ የአማርኛና የትግርኛን ያህል የሚራራቁ ናቸው። እኛ ‹‹ቻይንኛ›› የምንለው ማንዳሪን ከብዙዎቹ አንዱ ነው፤ መንግሥትና ትምህርት ቤት የመረጡት።

ታዲያ ወደ አሜሪካ መጀመሪያ የተሰደዱት ቻይናውያን አብዛኞቹ ማንዳሪን ተናጋሪዎች አልነበሩም። ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ፣ በተለይም ከታይሻንና ከአካባቢው የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ከ1849 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ወርቅ ጠራቸው፤ ሳን ፍራንሲስኮን ‹‹የወርቅ ተራራ›› አሏት። ከተማዋ በቻይንኛ እስከ ዛሬ ስሟ ‹‹አሮጌው የወርቅ ተራራ›› ነው። ወርቁ ሲያልቅ ሐዲድ ዘረጉ፤ በ1869 የተጠናቀቀውን አህጉር አቋራጭ የባቡር መስመር ምዕራባዊ ክፍል ከ10,000 በላይ የሚሆኑ ቻይናውያን ተራራ እየፈለፈሉ ሠርተውታል። ምስጋናው ምን ነበር? በ1882 ቻይናዊ የጉልበት ሠራተኛ አገሩ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ! ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው፤ ያኔም ቢሆን የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር።

ሰው ግን ዘዴ አያጣም። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት የከተማውን መዝገብ ሲያወድመው ብዙዎች ‹‹እኔ እዚሁ ተወልጄአለሁ፤ ቻይና ውስጥ ልጆች አሉኝ›› ብለው አስመዘገቡ። በእነዚህ ወረቀቶች የሰው ስም እየገዙ የተሻገሩት ‹‹የወረቀት ልጆች›› ተባሉ። ከ1910 እስከ 1940 በኤንጅል ደሴት የኢሚግሬሽን ጣቢያ ታጉረው ይጠየቁ ነበር፦ የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? የሩዝ ማስቀመጫው የት ነው? ሦስተኛው ቤት ውስጥ ማን ይኖራል? መልሱ ‹‹አባት›› ከተባለው ሰው መልስ ጋር ካልገጠመ ወደመጡበት መመለስ ነው። እነዚህ ሰዎች በእንጨቱ ግድግዳ ላይ በገዛ ፊደላቸው ግጥም ቀረጹ። በ1970 ሕንፃው ሊፈርስ ሲል አንድ የፓርክ ጠባቂ ጽሑፎቹን አስተዋለ፤ ኋላ ከ200 በላይ ግጥሞች ተመዘገቡ።

ስማቸውን እንኳ ለወጡ፤ ቋንቋቸውን ግን አልጣሉም። በልብስ አጠባ ቤቱ፣ በምግብ ቤቱ፣ በአገር ልጆች ማኅበሩና ከመደበኛው ትምህርት በኋላ ልጆች በሚላኩበት የቻይንኛ ትምህርት ቤት ቋንቋው ቀጠለ። ለመቶ ዓመት ገደማ የአሜሪካ ቻይናታውኖች ዋና መግባቢያ የታይሻን ገበሬ አነጋገር ነበር።

በእርግጥ መንግሥት ቋንቋን በጉልበትም ማዳከም ይችላል። በኢንዶኔዥያ የሱሃርቶ አገዛዝ ከ1966 በኋላ የቻይንኛ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ የቻይናውያንን በዓል በአደባባይ ማክበርም እስከ 2000 ድረስ ክልክል ነበር። እኛን ይበልጥ የሚያስጨንቀን ግን ያለ ዱላ የሚሆነው ነው።

ሲንጋፖርን እንይ። በ1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ ‹‹ማንዳሪን ተናገሩ›› የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ሆኪን፣ ቲኦቹ፣ ካንቶንኛና ሃካ በየቤቱ የሚነገሩ ቋንቋዎች ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጡ። ወላጆችም ‹‹ለልጄ የሚበጀው ይህ ነው›› ብለው የራሳቸውን ቋንቋ ከልጆቻቸው ጋር መናገር ተዉ። ማንም አልታሰረም። በ2020 ቆጠራ ግን በቤቱ አዘውትሮ ከእነዚህ አንዱን የሚናገረው ነዋሪ 8.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንደኛ የወጣው ማንዳሪን እንዳይመስላችሁ፤ እንግሊዝኛ ነው፣ 48.3 በመቶ። አያት በሆኪን ይጠይቃሉ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ እናት መሐል ገብታ ታስተረጉማለች። እናት የሌለች ዕለት ሁለቱም ቴሌቪዥን ያያሉ።

ለሊ ኳን ዩ ክርክር ተገቢውን ክብር እንስጥ። ልጅ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ማንዳሪን ይማራል፤ ሦስተኛ ሲጨመርበት ይከብደዋል፤ በዘዬ የተከፋፈለ ሕዝብም በአንድ ቋንቋ ይግባባል ነው የሚሉት። ሀገሪቱ ሀብታም መሆኗንም አንክድም። ግን ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ሳይጠየቁ በቤታቸው እንግዳ የሆኑት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ደግሞስ የልጅ ጭንቅላት ከሁለት ቋንቋ በላይ አይዝም ያለው ማን ነው? እዚያው ጎረቤት፣ በማሌዢያዋ ፔናንግ፣ ሆኪን፣ ማንዳሪን፣ ማላይኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ የሚያወራ ሰው ብርቅ አይደለም።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ። በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ ከሌሎች የቻይና ክፍሎች ብዙ ሰው ገባ፤ ማንዳሪንም የሥራና የገበያ ቋንቋ ሆኖ ገነነ። በ2020 መጨረሻ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የካንቶንኛ ትምህርቱን ሊቀንስ መሆኑ ሲሰማ ተማሪዎችና ምሩቃን ‹‹ካንቶንኛን አድኑ›› ብለው ተነሡ። የዩኒቨርሲቲው መሥራች ሊላንድ ስታንፎርድ እነዚያ የጓንግዶንግ ሰዎች የዘረጉት የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት እንደነበር ስታስቡት ነገሩ ይከነክናል። የዘመተው ወጣት እንግሊዝኛ አላነሰውም፤ ማንዳሪንንም አልጠላም። ‹‹ገበያ ላይ አያዋጣም›› በሚል ብቻ የአያት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣ ነው እምቢ ያለው።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? አዲስ አበባ ውስጥ ‹‹በግቢው አማርኛ መናገር ክልክል ነው›› የሚሉ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ወላጅም ከፍሎ ያስገባል። ከአያቱ ጋር በጉራጊኛ ወይም በኦሮምኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መለዋወጥ የማይችል የከተማ ልጅም ሞልቷል። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ልጆች በስልክ ‹‹ደህና ነኝ›› ብለው ስልኩን ለእናታቸው ያቀብላሉ። ማንም አልከለከላቸውም። ሁሉም ለልጁ አስቦ ነው። ሲንጋፖርም እንዲሁ ነበር።

እናም አቋማችን ይኸው፦ ማንዳሪን የሚማሩ ጓደኞቻችን ይበርቱ፤ እንጀራ የሚያበላ ቋንቋ ይባረክ። ግን እንጀራ የሚያበላው ቋንቋ የአያትን ቋንቋ ሸጣችሁ ግዙኝ አላለም፤ ሽያጩን የምናመጣው እኛ ነን። ልጅን በቤቱ ቋንቋ ስለተናገረ የሚቀጣ ትምህርት ቤት ካለ ወላጆች ተሰብስበው ‹‹ለምን?›› ይበሉት። አያት ያላችሁም አያት ሳሉ ጠይቁ፤ ቃሉ ቢጣመምባችሁ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም።

ቸር እንሰንብት!