ወናጎ የወረዳ ጥያቄ የላትም

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውሎ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ አንድ አባል ተነሥቶ ስለ መረጠው ሕዝብ መንገድ፣ ውኃ ወይም መብራት ሲናገር አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ፈገግ ሲል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ይኼ እኮ የወረዳ ጥያቄ ነው፤ ክልሉን አይጠይቅም?» ይላል። ለእሱ የአገር ጉዳይ ማለት ዓባይ፣ የባሕር በርና የውጭ ምንዛሪ ነው። ስለ አንዳንድ ወረዳዎች እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስለ ወናጎ ግን ተሳስቷል። መሳሳቱን ለማየት ካርታ መዘርጋት ይበቃል።

ወናጎ የምትገኝበት ጌዴኦ ዞን በሰሜን ከሲዳማ፣ በቀሩት ሦስት አቅጣጫዎች ደግሞ ከኦሮሚያ ጋር ይዋሰናል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልን ሲመሠርቱ ጌዴኦም አብሮ ገባ፤ ዲላም ከክልሉ የማዕከል ከተሞች አንዷ ሆነች። ነገር ግን የጌዴኦ መሬት ከተቀረው የክልሉ መሬት ጋር በየትም በኩል አይገናኝም። የወናጎ ሰው ወላይታ ሶዶ ካለው የክልሉ መስተዳድር ዘንድ ጉዳይ ካለው፣ የሌላ ክልል መሬት ሳይረግጥ አይደርስም። መንገዱ ሰላም ከሆነ ችግሩ የትራንስፖርት ወጪና የድካም ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን ማንን ይጠይቅ? የገዛ ክልሉ ሥልጣን ከድንበሩ አያልፍም። መንገዱ የሚያልፍበት ክልል ደግሞ የእሱን ድምፅ ፈልጎ ምርጫ አይወዳደርም። ሁለቱንም የሚያዝና ሁለቱንም የሚጠይቅ አካል ያለው አዲስ አበባ ነው።

ነገሩ ከመንገድም ይከብዳል። ጌዴኦ ጠባብና የተጨናነቀ አገር ነው። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 847 ሺህ ያህል ሰው በዞኑ አግኝቷል፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚኖረው 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ተዳፋት ላይ ነው። እንሰት ከቡና፣ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተደራርበው የሚበቅሉበት የጌዴኦ አስተራረስ ያን ያህል ሰው መመገቡ ራሱ የሚያስገርም ነው። ዩኔስኮም መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንን ዕውቀት፣ ከወናጎ አቅራቢያ እንዳለው ቱቱ ፈላ ካሉ የጥንት ትክል ድንጋዮች ጋር አይቶ ነው። ይሁንና ምዝገባው መሬት አይጨምርም። ልጅ ሲበዛ ማሳው ይከፋፈላል፤ የተረፈው ሰው ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ብዙ የጌዴኦ ገበሬዎች በምዕራብ ጉጂ፣ በቀርጫና በአካባቢው ከጉጂዎች ጋር ተጋብተውና ገበያ ተጋርተው የኖሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ከዚያ 2010 ዓ.ም. መጣ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ጥቂት ሳምንታት በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን የተፈናቀለው ሰው፣ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር፣ ከ800 ሺህ በላይ ነበር። አብዛኛው ወደ ጌዴኦ ዞን ገባ። ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች መጠለያ ሆኑ። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት በአገር ውስጥ በተፈናቀለ አዲስ ሰው ብዛት ከዓለም አንደኛ ሆና ተመዘገበች። ዓለም ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወደ ዞኑ ገደብ ወረዳ ወርደው ተፈናቃዮቹን ያነጋገሩት በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነበር።

የጌዴኦው ተፈናቃይ ቤቱ የተቃጠለው በኦሮሚያ፣ የተጠለለው በያኔው ደቡብ ክልል ነው። ካሳውንስ ማን ይክፈለው? ማሳውንስ ማን ይመልስለት? የተፈረደበት ሰው ካለ የትኛው ክልል ፍርድ ቤት ፈረደበት? እነዚህን ጥያቄዎች ለክልል ምክር ቤት ማቅረብ ግድግዳ እንደማነጋገር ነው፤ ክልሉ ቢፈልግ እንኳ መልሱ በእጁ የለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የክልሎችን የወሰን ክርክር ይፈታል፤ ሚኒስትር ጠርቶ ስለ በጀትና ስለ ፀጥታ የሚጠይቀው ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ወደ ውጭ ምንዛሪው ልመለስ፤ ፈገግ ያለው ሰውዬ የአገር ጉዳይ ብሎ የቆጠረው ነውና። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ (የጌዴኦ ቡና ስም ነው)፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስምምነት ላይ ደርሳለች። የይርጋጨፌ ስም የአገር ሀብት መሆኑ በዓለም ፊት ተመሰከረ። የወናጎ ገበሬ ግማሽ ሄክታር በማይሞላ ማሳ ላይ የለቀመው ቡና አገር ነው፤ የቡናው መውጫ መንገድ ግን ወረዳ ሆኖ ቀረ። ይህን አከፋፈል ማን እንዳወጣው ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

የምክር ቤቱ አሠራር ራሱ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አይመችም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚቀርቡበትን ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባላት ተራ በተራ ይጠይቃሉ፤ ጠያቂው ከገዢው ፓርቲ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በምስጋና ይጀምራል፤ ጥያቄው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ መልሱ በአንድ ላይ ለሰዓታት ይሰጣል። የኑሮ ውድነት፣ ሰላምና ዲፕሎማሲ ሰፊውን ጊዜ ይወስዳሉ። የአንድ አካባቢ ጉዳይ ከሌሎች የመሠረተ ልማት ጥያቄዎች ጋር ተጠቅልሎ ያልፋል። ጠያቂው «የጠየቅሁት አልተመለሰም» ብሎ እንደገና ለመነሣት ያለው ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ የአስፈጻሚውን ማናቸውንም ጉዳይ ምክር ቤቱ እንዲወያይበት ይፈቅዳል። በጥቂት መቀመጫ ግን አንድ ሦስተኛ አይሞላም።

ጌዴኦ ጥቂቱንም ያገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚገባው ሰው ንብረት እንዲኖረው ያስገድድ ነበር፤ ጭሰኛ በሞላበት አገር ይህ ማለት ተወካዩ ከባለመሬቱ ወገን ይሆናል ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለመሬቶች የጭሰኝነት ጫና ተማርረው ሚጪሌ ላይ ሲነሡ የተመረጠ ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ነበር። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን ለማሻሻል የተረቀቀው ሕግ ደግሞ በኋላ እዚያው ምክር ቤት ገብቶ፣ ዘውዱ እስኪወድቅ ሳይጸድቅ ቀረ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ፣ ገዢው ፓርቲ 410 መቀመጫ ሲያሸንፍ፣ አቶ አለሳ መንገሻ የመሩት የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ሁለት የፌዴራል መቀመጫ አገኘ። አብን አምስት፣ ኢዜማ አራት ነበራቸው። የአንድ ዞን ፓርቲ ከአገር አቀፎቹ ተርታ መቆሙን ብዙ የአዲስ አበባ ተንታኞች እንደ ተራ ነገር አልፈውታል። እኔ የዚያ ምርጫ ትልቁ ወሬ ይህ ነበር ባይ ነኝ፤ በ2010 ዓ.ም. የተፈናቀለውንና ተፈናቃይ ያስጠለለውን ሕዝብ ሳላስብ ያንን ውጤት ላስረዳው አልችልም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይላል። ይህን አንቀጽ የአካባቢውን ጉዳይ ያነሣን አባል ለማሳፈር የሚጠቅሱት አሉ። እኔ በተቃራኒው አነበዋለሁ። የወናጎው ተወካይ የመላው ኢትዮጵያ ከሆነ የነቀምቴውና የጎንደሩም የወናጎ ናቸው። የጌዴኦን ተፈናቃይ ጉዳይ ማንሣት የሁለት ሰዎች ሥራ ሆኖ መቅረት አልነበረበትም፤ የምዕራብ ጉጂ ተመራጮችም ማንሣት ነበረባቸው፤ የተፈናቀሉ የራሳቸው መራጮች አሏቸውና።

በጌዴኦ ባህል ሰው ጉዳዩን ሶንጎ ያቀርባል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይሰሙታል፤ ጉዳዩም እልባት እስኪያገኝ ይመላለሱበታል። ሶንጎን አላመልከውም፤ በልማድ የወንዶች መድረክ ነው። ግን አቤት ያለውን ሰው መልስ ሳይሰጡ ማሰናበት እዚያ ነውር ነው። በእንግሊዝ ፓርላማ ደግሞ አባሉ ለሚኒስትሩ የጽሑፍ ጥያቄ ያስገባል፤ መልሱም በጽሑፍ ተሰጥቶ ማንም እንዲያነበው ይታተማል። የእኛ ምክር ቤት ሰኔ 30 ሲዘጋ አባላቱ ወደ መራጮቻቸው ይወርዳሉ፤ በየአዳራሹ ሕዝቡ ይናገራል፤ ማስታወሻ ደብተሩ ይሞላል። በሚቀጥለው ክረምት ያው ሕዝብ ያንኑ ይናገራል። የመራጭ ጥያቄ ቁጥር ቢሰጠው፣ የሚመልሰው መሥሪያ ቤት ቢጻፍበት፣ መልሱም በቀነ ገደብ መጥቶ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ የሚጠይቀው ወጪ ወረቀትና ቀለም ነው። «አይቻልም» የሚል መልስም መልስ ነው፤ ሰው ሌላ በር ያንኳኳል።

ይኸው ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. የካምፓላን ስምምነት፣ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን ለመጠበቅና ለመርዳት የተደረገውን የአፍሪካ ኅብረት ውል፣ በአዋጅ አጽድቋል። ውሉ ግዴታውን የጣለው በመንግሥት ላይ ነው፤ ለተጎዳው ሰው ካሳ የሚገኝበትን ሥርዓት ማበጀትም በውሉ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከጌዴኦ የመጣ አባል ተነሥቶ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ማሳው ስላልተመለሰለት ሰው» ብሎ ሲጀምር፣ ምክር ቤቱን የሚጠይቀው ራሱ እጁን አውጥቶ ስላጸደቀው ሕግ ነው።